እናት ቅጠል

እሑድ

ሪና ድንገት ሐሳብ ጠየቀችኝ። ጋኑ ከተከፈተ ገና ጥቂት ቀን ነው። (ጋን የሚሉት የሕፃናት ትምህርት ቤቱን ነው፤ እንደ መጣሁ ሰሞን የጠላ ጋን እየታየኝ ብቻዬን እስቅ ነበር።) ሪና አስተማሪዋ ናት፤ እኔ ረዳቷ። አዲሱ ዓመት ሳይገባ ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ የሚከታተሉት አንድ ነገር እንምረጥ አለች። አምና ወፎች ነበሩ አሉ። ዘንድሮስ? አልማዝ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?

ቅጠል አልኳት። እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም። ማለት የፈለግኩት በሽታ የሚያባርረውን መድኃኒት አልነበረም፤ እንዲሁ ሰው የሚያፋፋውን፣ ወተት ላይ ጣል ተደርጎ ልጅ የሚያድግበትን ነው። ዕብራይስጡ ግን ጠፋኝ። «እናት የሆነ ቅጠል» ብዬ ጨረስኩት። ሪና ሳቀች፤ በክፉ አይደለም። ሰሌዳው ላይ እንዳልኩት አድርጋ ጻፈችው። ተክሉን ፈልጎ ማምጣትም በእኔ ላይ ወደቀ።

ደስ ብሎኛል። ፈርቻለሁም። እስካሁን በዚያ ቤት ሥራዬ አፍንጫ መጥረግና ወለል ማጠብ ነበር፤ ሐሳብ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ሌላም አለ። እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው? ፀንሻለሁ። ታደሰ አያውቅም። ባሌ ነው፣ ደግ ነው። ግን ልጃችንን ሱዳን አፈር አልብሰናት ስንመለስ የነበረውን ፊቱን ዳግመኛ ማየት አልችልም። እስኪ መጀመሪያ ይጽና።

ሰኞ

ከሥራ ስወጣ ገበያ ሄድኩ። ናና አገኘሁ፤ ናናማ የትም አለ። በሶብላ የለም። ዳማከሴን የሚያውቅ አንድ ሰው አጣሁ፤ በእጄ ቅርጹን ብሠራ፣ ባሸትት፣ ባስነጥስ ሻጩ የታመምኩ መስሎት የክሊኒኩን መንገድ አሳየኝ።

ኋላ አንዲት እንቁላል ሻጭ ወደ ሮሚያ ሂጂ አለችኝ። ዶዳ ሮሚያ ይሏቸዋል፤ ዶዳ አክስት ማለት ነው። ከየመን የመጡ አሮጊት ናቸው፤ ከእኛ ፎቅ በታች ባለችው ጠባብ ቤት ይኖራሉ። ደጃቸው በቆርቆሮ ሁሉ ተክል ነው፤ ናና፣ በሶብላ የሚመስለው ሬሃን፣ ስሙን የማላውቀው። ከጥግ በኩል ደግሞ ጤና አዳም! ሽታው ሲደርሰኝ ጎንበስ ብዬ ሳብኩት። አገሬን ለቅቄ ከወጣሁ አላሸተትኩትም።

እጄን ስዘረጋ አንጓዬን ያዙኝ። እርጉዝ ሴት አትነካውም አሉ። «እርጉዝ» የምትለዋን የዕብራይስጥ ቃል ክሊኒክ ተምሬያታለሁ። እጄን ሰበሰብኩ። አየት አደረጉኝ። ከዚያ ብዙ ተናገሩ፤ በፍጥነት፣ በየመን ጉሮሮ። እኔ ደግሞ ኬን፣ ኬን እላለሁ፤ አዎ፣ አዎ። አወቁብኝ ወይስ አላወቁብኝም እያልኩ ነበር። ከዚያ ሁሉ ንግግር የያዝኩት «ሸሜሽ» የሚለውን ብቻ ነው። ፀሐይ። ተክሉ ፀሐይ ይወዳል ማለታቸው ነው።

ከጤና አዳሙም ከሬሃኑም ሥር ነቅለው በጋዜጣ ጠቀለሉልኝ። ከሰውነቴ አርቄ ይዤ መጣሁ።

ማክሰኞ

ተከልን!

ሪና ልጆቹን ረፋድ ላይ ወደ ግቢ አወጣችልኝ። ማሰሮዎቹን ፀሐይ የሚመታበት ደረደርኳቸው። ናናውንና ሬሃኑን እኔ ራሴ ከልጆቹ ጋር ተከልኩ። ጤና አዳሙን አልነካሁም፤ ቆሜ በቃል አሳየኋቸው። እንዲህ አድርጉ፣ አፈሩን ተጫኑት፣ ቀስ።

ጤና አዳሙን ከሁሉ የወደደችው ሊያት ናት። ያቺ ጠዋት ጠዋት እናቷ ስትሄድ ጭኔ ላይ ተቀምጣ የምታለቅሰው። ቅጠሉን ሸምጥጣ በመዳፏ አሸችው፤ በአሸዋ ባልዲዋ ውኃ ሞልታ ሾርባ ሠራችበት፤ ክንዷን ሁሉ ተቀባችው። ሽቶ ነው አልኳት። እሷም ለጓደኞቿ ሽቶ ነው እያለች እስከ ምሳ ድረስ ፀሐይ ላይ ዋለች። ሳትነፋረቅ የዋለችበት የመጀመሪያ ቀን ነው።

ስንወጣ አንዲት እናት የቅጠሉን ስም ጠየቀችኝ። ጤና አዳም፤ ለአዳም ልጅ ጤና ማለት ነው አልኳት። ሪና ከኋላዬ ሆና «የአልማዝ ሐሳብ ነው» አለች። አልማዝ አለች። እናቶቹ ዘንድ እስከ ዛሬ «ኢትዮጵያዊቷ» ነበርኩ።

በእግሬ ተመለስኩ። አውቶቡስ ውስጥ መቀመጥ አላሰኘኝም።

ረቡዕ

በአገራችን አቆጣጠር ዛሬ መስከረም አንድ ነው። እዚህ ማንም አያውቀውም፤ የእነሱ አዲስ ዓመት ገና በሚመጣው ሳምንት ነው። እኔ በሁለቱ መካከል ተንጠልጥያለሁ። ከአንዱ ወጥቼ ወደ ሌላው ያልገባሁ።

ሊያት እጇን እያከከች መጣች። መዳፏ መካከልና ክንዷ ላይ ቀልቷል። ሪና አሸዋው ይሆናል አለች፤ ወይ ትንኝ። በቀዝቃዛ ውኃ አጠብኳት። ከሰዓት በኋላ ቅላቱ የባሰ መሰለኝ። ወይስ ዓይኔ ነው? ስለ ቅጠሉ ለምን እንዳሰብኩ እንጃ።

ታደሰ ሰጉላ ከሚሉት ሰፈር፣ ከፋብሪካው ሲመለስ ራቱን በልቶ፣ ምነው ዝም አልሽ አለኝ። ደክሞኝ ነው አልኩት። ድካምማ አለ። ውሸት አይባልም።

ሐሙስ

ሊያት ቀረች።

እኩለ ቀን ላይ እናቷ ብቻዋን መጣች። አልጮኸችም። ልጅቷ እጇ እንደ ተቃጠለ ሰው ውኃ ቋጥሯል፤ ሐኪሙ ምን ተክል ነካች ብሎ ጠይቋል። ይህን ሁሉ የነገረችው ለሪና ነው። እኔን አንድ ጊዜ ብቻ አየችኝ።

ሪና ጓንት አጥልቃ ጤና አዳሙን ከነሥሩ ነቀለችው፤ በላስቲክ ቋጥራ ጣለችው። ከዚያ እጄን አሳዪኝ አለችኝ። ዘረጋሁላት። ምንም የለበትም። «ዕድለኛ ነሽ» አለች።

ዕድል!

ከሥራ ስወጣ ወደ ዶዳ ሮሚያ በረርኩ። አሁን ቀስ ብለው፣ በእጃቸው ጭምር አስረዱኝ። ጭማቂው ገላ ላይ ሆኖ ፀሐይ ካገኘው እንደ እሳት ይፈጃል፤ በተለይ የሕፃን ገላ። እሳቸው ጎሕ ሲቀድ ነው የሚቀጥፉት፤ ወዲያው ይታጠባሉ። «ነግሬሽ ነበር» አሉኝ፤ «አዎ አልሽኝ።»

እውነት ነው፤ አዎ ብያቸዋለሁ። ፊደል ቆጥሬ በመጣሁበት አገርም፣ እዚህ ኡልፓን ገብቼ ቋንቋ ስማርም፣ ያልገባኝን አልገባኝም ማለት ያሳፍረኛል። ግን እሱ ብቻ አይደለም። «እርጉዝ» ሲሉኝ ጆሮዬ እዚያው ቀረ። የራሴን አሽሽቼ የሰው ልጅ አስያዝኩ። እንዲህ ሲጻፍ ምን ያህል ያስቀይማል።

ዓርብ

ጠዋት ለሪና ወደ ሊያት ቤት መሄድ እፈልጋለሁ አልኳት። ተይው አለች። «ያወቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላወቅኩም፤ ትከሉ ያልኩ እኔ ነኝ፤ እንደዚያው ይቅር። ረቡዕ እናቶቹ ይሰበሰባሉ፤ አፍሽን ዝጊ፣ ሥራሽን ያዢ።» ለእኔ ብላ ነው። ቀላል መንገድ ነበር፤ መሬቱ ተጠርጎ የተሰጠኝ ያህል።

ለሰንበት ቀደም ብለን ተለቀቅን። ቤቴ ሁለት ጊዜ ልገባ አልኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ እግሬ አልፎት ሄደ። የሊያት ቤት ከጋኑ ብዙ አይርቅም።

ልጅቷ ሁለት እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣለች። ስታየኝ አልተነሣችም። እናቷ ወደ ኩሽና ወሰደችኝ፤ በሩን ገርበብ አደረገችው።

«ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

«ተነግሮኝ ነበር። አልገባኝም። አዎ ብዬ ዝም አልኩ።»

«ታዲያ ያንቺ እጅ እንዴት ተረፈ?»

መሬት መሬት አየሁ። እዚህ ላይ ውሸት ብፈልግ አላጣም ነበር።

«እርጉዝ አትነካውም አሉኝ። ያቺን ቃል ብቻ ሰማሁ። ነፍሰ ጡር ነኝ።»

በዚህ ዓለም መጀመሪያ የነገርኩት ሰው እሷ ሆነች፤ ልጇን ያቃጠልኩባት ሴት። አላቀፈችኝም። ተቀመጪም አላለችኝም። ብርጭቆ አውርዳ ውኃ ቀዳች፤ ለእኔ መሰለኝ፤ ራሷ ጠጣችው። ባልሽ ያውቃል ወይ አለች። የለም አልኩ። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ተናድጄብሻለሁ። ነገም እናደድብሻለሁ። ስለ ነገርሽኝ አይበርድልኝም።» እስከ በሩ ሸኘችኝ።

ምንም አልቀለለኝም። ቅልል ይለኛል ብዬ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሰንበት እንደ ወጣ

ለታደሰ ነገርኩት። ከጸሎት ተመልሶ ጫማውን ሲያወልቅ። መጀመሪያ የሊያትን፣ ከዚያ የራሴን፤ በዚያ ቅደም ተከተል ካልሆነ አልወጣልኝ አለ።

አንዱን ጫማ እንዳጠለቀ በረንዳ ወጣ። ቆየ። ሊመለስ አይደለም ብዬ ነበር። ሲመለስ ፊቱ እኔ የፈራሁት ፊት አልነበረም። የደስታም አልነበረም። ከአጠገቤ ተቀመጠ።

«ዓለምነሽ ታላቅ ሆነች ማለት ነው» አለ።

ከሱዳን ወዲህ ስሟን ጠርቶት አያውቅም። እኔም አልጠራሁትም። ሁለታችንም ሌላው እንዳይሰማው እየተጠነቀቅን ኖረናል ለካ። አለቀስን። ከዚያ ተቆጣኝ፤ ስለ ልጅቷ ሳይሆን ለሰው ቀድሜ ስለ ነገርኩ። ይቆጣ። በደለችኝ ማለት ይችላል።

እሑድ፣ የበዓል ዋዜማ

ጋኑ ዝግ ነው። በዓሉን የእኛ ሽማግሌዎች ብርሃን ሠረቀ ይሉታል፤ የዚህ አገር ሰው ሮሽ ሃሻና። ሁሉም መልካም ዓመት፣ መልካም ዓመት ይባባላል። ቤቱን አጠብኩ፤ የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ። ታደሰ ባልዲውን ቀማኝ።

የማስበው ስለ ረቡዕ ነው። ከሥራ ቢያስወጡኝስ? ሌላ ነገር ይምረጡ ይሆናል፤ ከዋክብት፣ ዓሣ። ዓሣ ማንንም አያቃጥልም። የእኔ እናት ቅጠል እንዲህ ሆና ቀረች። እናት የሚያደርገው ቅጠሉ ይመስለኝ ነበር። ቅጠሉማ ቅጠል ነው፤ ስለ ማንም አያስብ።

ረቡዕ

ስብሰባው ግቢው ውስጥ፣ ቆመው ነበር። አንዷ ናናውም ሬሃኑም ይነቀል አለች። ሌላዋ እኔን ሳታይ፣ ልጆቹን የምትይዘው ቋንቋውን የምታውቅ ሴት ትሁን አለች። ሪና መልስ ልትሰጥ ስትጀምር እኔ ቀደምኳት። እርጉዝ መሆኔን ሳይቀር ነገርኳቸው፤ ዕብራይስጤ ተሰባብሮ። ከዛሬ ጀምሮ ያልገባኝን ሦስቴም ቢሆን እጠይቃለሁ አልኩ። ከዚያ በላይ ቃል የለኝም። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ለበጎ ይሁን ለክፉ አልለየሁትም።

ሊያት ከእናቷ ጋር መጣች። ፋሻው ወልቋል፤ ቆዳዋ ቡኒ ቡኒ ሆኗል፤ ሐኪሙ ወራት ይወስዳል ብሏል። እናትየው ለሴቶቹ፣ ያ ተክል እዚህ አይገባም፣ ሌላው ግን ይቆይ አለች። ወደ እኔ ዞረችና፣ «ልጄ የምትነካውን ሁሉ አንቺ ቀድመሽ ትይዢዋለሽ» አለች። ይቅርታ አልነበረም። በሰደር አልኳት፤ እሺ።

ናና ቀጠፍኩ። በመዳፌ አሸሁት፤ እጄን ፀሐይ ላይ ዘርግቼ ቆየሁ። ሊያት ትመለከተኛለች። ያቃጥላል ወይ አለችኝ። አያቃጥልም አልኳት። አላመነችኝም፤ እውነቷን ነው። እጆቿን ከጀርባዋ ደብቃ ቀረበች፤ አንገቷን ብቻ አስግጋ ከመዳፌ አሸተተችው።