የመክሰር ልምምድ

ጥቅምት 4

ዛሬም ኮሌታ። ቀኑን ሙሉ ኮሌታ። አሠሪዬ እትዬ የተማሪ ዩኒፎርም ትዕዛዝ ተቀብለው እኔ ላይ ቆለሉት። "አንቺ እጅሽ ፈጣን ነው" ይላሉ። ፈጣን እጄ ለሳቸው እንጂ ለኔ ምን ጠቀመኝ?

ስመለስ ለስፌት ሱቅ ልከራያት ባሰብኳት በጥጓ ክፍል በኩል ዞሬ መጣሁ። እንደ ልማዴ ግንባሬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ወደ ውስጥ አየሁ። ባዶ ናት፣ ግን ብርሃን ይገባታል። ሁለት የስፌት መኪና እዚህ... የመቁረጫ ጠረጴዛ እዚያ... ልብስ ለሚለካ ሰው መጋረጃ። የቤቱ ባለቤት ሴትዮ እስከ ጥር መጨረሻ ሊጠብቁኝ ቃል ገብተዋል። የስድስት ወሩን ኪራይ ባንድ ጊዜ እፈልጋለሁ ነው ያሉት። እኔና ባሌ ያጠራቀምነው ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ትንሽ! ይህን ሁሉ ዓመት የሰው በር ስከፍት ኖሬ የራሴ በር ሊኖረኝ ነው።

ከእትዬ ስፌት ቤት በላይ ያለው ፎቅ ላይ የአክሲዮን ትምህርት ሊጀመር ነው። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከሥራ በኋላ። ተመዘገብኩ። ሱቅ የሚከፍት ሰው ገንዘብ ሲወጣና ሲወርድ ማወቅ የለበትም?

ለባሌ ነገርኩት። ሳቁን አላቋርጥ አለ። "አክሲዮን? አንቺ? ቁልፍ መትከል ሰለቸሽ?" ከዚያ ወዲያ ስሜ ኢንቨስተሯ ሆነ። "ኢንቨስተሯ፣ ጨው አቀብይኝ።"

ጥቅምት 9

አስተማሪው ከባንክ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከሁለት ቃል አንዱ "ቀስ በሉ" ስለሆነ በዚያው ስም ጠራናቸው። አክሲዮን የገዛ ሰው የድርጅቱን ቁራሽ ገዛ፤ ሲያተርፍ ይካፈላል፣ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። ይኸው ነው። እስከዛሬ ለምን እንደዚያ አስፈራኝ?

ትምህርቱ እስኪያልቅ ማንም የእውነት ገንዘብ አይነካም። ስልካችን ላይ የውሸት ገንዘብ ጫኑልን። "ገንዘቡ የውሸት ነው፣ ዋጋው ግን የእውነት። እዚህ ክሰሩ፣ እዚያ እንዳትከስሩ።"

ይህንንም ለባሌ ነገርኩት። ኳስ እያየ ነበር። "እህ" አለ። ሰምቶኝ ይሆን?

ጥቅምት 28

የሳሙና ፋብሪካውን ገዛሁ። መድኃኒት አስመጪውን። ጥቂት ደግሞ ከኢንሹራንሱ። አንድ ቦታ አትከምሩ፣ ስሙን ሳይሆን ዕዳውን እዩ፣ ብለውናል ቀስ በሉ። እያየሁ ነው። የሰው ዕዳ ማየት ደስ ይላል ለካ... ሳሙናው ጨመረ።

እራት ላይ ነግሬው፣ "እውነትሽን ነው?" አለ። ኢንቨስተሯን ረሳት።

ኅዳር 7

"ዛሬ ምን ገዛሽ?"

ቴሌቪዥኑን ዘግቶ ነው የጠየቀኝ! በትዳራችን ቴሌቪዥን ዘግቶ ያዳመጠኝ ይኸው ዛሬ ነው። መድኃኒቱን ለምን እንደሸጥኩ፣ ሳሙናውን ለምን እንደያዝኩ፣ ሁሉንም አስረዳሁት። ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ ሰማኝ። እንደ አዲስ ሙሽራ አፈርኩ። ሞኝ!

ኅዳር 21

ጫማ ገዛልኝ። ጥቁር፣ አጭር ተረከዝ ያለው፣ ልኬ። ከየት አምጥተህ ብዬ ስጠይቀው "ትርፍ ሰዓት ሠራሁ" አለ። እሱ የሚሠራበት የመለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ምን ትርፍ ሰዓት አለ? ግን ማን ጫማ ተገዝቶለት ይመረምራል። ለሱቄ መክፈቻ ቀን አስቀመጥኩት።

ታኅሣሥ 14

ቀስ በሉ ዛሬ ጉድ አመጡ። "አሁን እንድትከስሩ እፈልጋለሁ። የታመመ ድርጅት ፈልጉ፣ አይተርፍም የምትሉትን። ያላችሁን በሙሉ እዚያ አድርጉ። ሲወርድ አትሽጡ፣ ቁጭ ብላችሁ እዩት። ሆዳችሁ የሚላችሁን ጽፋችሁ አምጡልኝ።" ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሲሚንቶ ፋብሪካውን መረጥኩ። ዕዳው ከአናቱ በላይ ነው፣ ሥራ አስኪያጅ በየወሩ ይቀይራል፣ የቀረው ስሙ ብቻ ነው። ከዚህ የባሰ ባገኝ እሱን እመርጥ ነበር።

ማታ እንደተለመደው፣ "ዛሬ ምን ገዛሽ?"

"ሁሉንም ሸጬ ሲሚንቶው ላይ አደረግኩት።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

ዓይኑ በራ። ለምን እንደሆነ ልነግረው አፌን ስከፍት ስልኩን አንሥቶ በረንዳ ወጣ። ቆይቶ ሲገባ ስለ ጎረቤት ውሻ ማውራት ጀመረ። ይሁና... ነገ እነግረዋለሁ።

ታኅሣሥ 18

አልነገርኩትም። መጋዘኑ ቆጠራ ላይ ነው፣ እያመሸ ይመጣና ይተኛል።

ሲሚንቶው ጭራሽ ጨመረ! ለመክሰር እንኳ ዕድል የለኝም።

ታኅሣሥ 25

ዘጭ አለ! አበዳሪዎቹ ፍርድ ቤት ወስደውታል። ግማሹ ባንድ ቀን ሄደ፣ የቀረውም እየሄደ ነው። ቀስ በሉ "ጎበዝ፣ ጥሩ በሽተኛ መርጠሻል" አሉኝ። እየሳቅኩ ቤት ገባሁ።

ባሌ ሾርባውን አልነካም። ሆዴን ነው አለ። ላጫውተው ብዬ፣ "ሲሚንቶው እኮ አለቀለት!" አልኩትና ሳቅኩ። ማንኪያውን ወረወረው። "ምን ያስቅሻል? ምኑ ነው የሚያስቅሽ?" በሩን ድርግም አድርጎ ወጣ።

ምን ነካው? ምን አልኩ?

ጥር 2

ቁልፉን ረስቶ ስለወጣ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ገንዘብ ያዡ፣ ያ ቀጮ ሰውዬ፣ ከመስኮቱ ኋላ ሆኖ፣ "ኢንቨስተሩ አሞኛል ብሎ ወጥቷል" አለኝ።

ኢንቨስተሩ?

"አይዞህ በይው። ሲሚንቶው ይነሣል። እኔንም መክሮኝ ትንሽ አስገብቻለሁ እኮ። ባልሽ አዋቂ ነው፣ በሳሙናው ጊዜ አይተነዋል።"

ክው አልኩ። ጫማው... በረንዳው... ማንኪያው... ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። በቀጥታ ወደ ባንክ ሄድኩ። ለሱቁ ያጠራቀምንበት ሒሳብ በሁለታችንም ስም ነው፣ ማናችንም ማውጣት እንችላለን። ገንዘብ ከፋይዋ ልጅ ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች፣ "ውሃ ልስጥሽ?" አለችኝ።

ጥር 3

አልተጣላንም። መጣላት ይሻል ነበር።

"ልምምድ መሆኑን አላወቅክም?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ?"

"ታተርፊ ነበራ። በውሸት ያተረፈ ሰው በእውነት ለምን አያተርፍም?"

"ገንዘቡን ስታወጣ ለምን አልጠየቅከኝም?"

"ብጠይቅሽ እምቢ ትያለሽ።"

እምቢ እል ነበር። አዎ። ስለዚህ ነው ያልጠየቀኝ። የሱቁን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀምጦ ሊያስደንቀኝ ነበር አሉ። በኔ ጉልበት የተጠራቀመ፣ በኔ ጭንቅላት የተመረጠ፣ ከዚያ የሱ ስጦታ! ለጓደኞቹም የሱ እውቀት። እኔ እዚህ ቤት ውስጥ ምንድን ነኝ? ሬዲዮ?

ከዚያ ነገርኩት። ሲሚንቶው እንዲወድቅ ተብሎ የተመረጠ መሆኑን። አስተማሪው ክሰሩ ስላሉን መሆኑን። እስከዚያች ሰዓት አላወቀም። ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። "እንዲወድቅ?" አለ። "እንዲወድቅ ነው የመረጥሽው?" ደጋግሞ ጠየቀ።

አንጀቴ አልራራም። ይራራል ብዬ ጠብቄ ነበር።

ጥር 9

የቀረውን ሸጥን። ቀረ ከተባለ። ገንዘብ ያዡ ደግሞ ሰላምታ ነሥቶኛል፣ የመከርኩት እኔ ይመስል።

ትምህርት ቤት ቀስ በሉ የየሰዉን ወረቀት ሰበሰቡ፣ ሆዳችን ያለውን። የኔ ሁለት መስመር ነው። "የውሸቱ ሲወድቅ ሳቅኩ። የእውነቱ ሲወድቅ አልነገሩኝም።" አነበቡት። ቀና አሉ። "ቀስ..." ብለው ጀመሩና ተዉት። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት። መልሰው አጠለቁትና "ፈተናውን አልፈሻል" አሉኝ።

የካቲት 1

የጥጓ ክፍል ተከራየች። ስልክ ጠጋኝ ገብቷል። መስታወቱን በማስታወቂያ ወረቀት ሸፍኖታል፣ ብርሃኑን ሁሉ። ሴትዮዋ በር ላይ አገኙኝ። "ልጄ፣ ጠበቅኩሽ እኮ፣ እስከ መጨረሻው ቀን ጠበቅኩሽ" አሉ። ጠብቀውኛል። ምን ይበሉ?

የካቲት 17

እትዬ አዲስ ትዕዛዝ ተቀብለዋል። ኮሌታ።

ባሌ ቤት ይጠርጋል። ሰሃን ያጥባል። ሳልጠይቀው ውሃ ያመጣልኛል። ሲያደርገው ደሜ ይፈላል። ተወው፣ ተቀመጥ፣ ኳስህን እይ... ለምን እንደድሮው አያሾፍም? በኢንቨስተሯ ጊዜ ቢያንስ ገንዘባችን ነበረን።

መጋቢት 6

ጫማውን ለእትዬ የወንድም ልጅ ሸጥኩላት። ልኳ ሆነ። በጫማው ዋጋና በዚህ ወር ትርፍ ሥራዬ፣ በምሳ ሰዓት ወጥቼ የባንክ ሒሳብ ከፈትኩ። በስሜ። በኔ ብቻ። ጸሐፊዋ "ባለትዳር ነሽ?" አለችኝ። ነኝ አልኳት። "አብሮሽ የሚፈርም ይኖራል?" የለም አልኩ። ለካ እንዲህ ቀላል ቃል ነው።

የሳሙና ፋብሪካውን ገዛሁ። የእውነት። ትንሽ፣ በጣም ትንሽ። ዕዳውን ሁለት ጊዜ አየሁ።

ወደ ቤት ስመለስ ገበያ ገባሁ። እራት ሠራሁ። በላን። ሰሃኖቹን ሳነሣ ቴሌቪዥኑን ዘጋው። ከሲሚንቶው ወዲህ ዘግቶት አያውቅም ነበር።

"ዛሬ ምን ገዛሽ?" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ሽንኩርት።"

ቴሌቪዥኑን መልሶ ከፈተው።