የቅዳሜው ፉጨት ከሞንታርቦ እንዳይለቀቅ ስለመለመን

ለተከበሩ የወደብ ቅርስና የባህል ዝግጅቶች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አራዳ

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ጆሮዎ ደህና ነው? ጆሮዎን ለይቼ መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከዚህ በፊት በአካል ቀርቤ፣ ሰው ልኬ፣ በስልክም ደውዬ የተናገርኩት ሁሉ ስላልተሰማ፣ ምናልባት ሕመም ቢኖርብዎት ብዬ ሰግቼ ነው። እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት እስከ ቅዳሜ ድረስ ደህና ነን።

እኔ ጥሩነሽ እባላለሁ። ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ባለው የጭነት ግቢ በር ላይ ገመድ፣ ሸራና ጆንያ እሸጣለሁ፤ የተቀደደ ሸራም እሰፋለሁ። ግቢውን የሰፈሩ ሰው ከድሮ ጀምሮ «ወደቡ» እያለ ነው የሚጠራው፤ ባሕር ያየ ሰው ግን በመካከላችን የለም ማለት ይቻላል። ከጅቡቲ የመጣ ዕቃ እዚህ ይራገፋል፤ ከዚህ ደግሞ በአይሱዙ ተጭኖ ወደ ወልቂጤ፣ ወደ ቡታጅራና ወደ ሆሳዕና ይሄዳል። ባለቤቴ ገብረአምላክ ያረጀው በዚሁ ግቢ ዕቃ ሲጭንና ሲያወርድ ነው። እርስዎ «ህያው ወደብ፣ ህያው ቅርስ» ብለው ባሠሩት ትልቅ ባነር ላይ፣ ከእርስዎ ፎቶ በስተቀኝ በኩል፣ የተንጠለጠለ ጭነት ሥር ቆሞ ወደ ላይ የሚያየው ሰውዬ እሱ ነው። ፎቶው አምሮለታል፤ በዚህ አልዋሽም።

ወደ አቤቱታዬ ከመግባቴ በፊት ምስጋና ማስቀደም ይገባኛል። ጽሕፈት ቤትዎ ወደ ግቢያችን እስኪመጣ ድረስ እኛ ቅርስ መሆናችንን አናውቅም ነበር፤ ሥራ ላይ ያለን ይመስለን ነበር። እናንተ ከመጣችሁ ወዲህ ግን ግንቡ ኖራ ተቀብቷል፣ በሩ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተንጠልጥሏል፣ ወዛደሩ ሁሉ በአንድ ቀለም ጥብቆ ለብሷል። ከስድስት ኪሎ የሚመጡ ተማሪዎችም ከጭነቱ ጋር እየተጠጉ ፎቶ ይነሳሉ። እንዲህ ያለ ክብር ላገኘ ሰው መፍራት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም እፈራለሁ።

ክቡርነትዎ የሚያውቁትን ነገር መልሶ ማስረዳት ድፍረት እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ ይህ በጋዜጣ የሚወጣ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነና ሌላም ሰው ስለሚያነበው፣ የግቢውን አሠራር በአጭሩ ላስታውስ። ከበድ ያለ ዕቃ ሲሆን በገመድ ተስቦ ከፍ ይልና መኪናው ላይ ይወርዳል። ገመዱን የሚስቡት ሰዎች የሚቆሙት ከግንቡ ጀርባ ስለሆነ መኪናውን አያዩትም። መኪናው ላይ ደግሞ ተቀባይ የሚባል ሰው ቆሞ፣ ዕቃው ከራሱ በላይ ተንጠልጥሎ ሲወርድ በእጁ እየገፋ ቦታውን ያስይዘዋል። ዕቃው ወለሉን ሊነካ ትንሽ ሲቀረውና ተቀባዩ ከሥሩ ሲወጣ፣ ግንቡ ላይ ተቀምጦ ሁለቱንም ወገን የሚያይ ሰው ያፏጫል። ይህን ሥራ ብዙ ዓመት የሠራው ገነነ ነው። ፉጨቱ ሲሰማ ሳቢዎቹ በሙሉ በአንድ ጊዜ ገመዱን ይለቁታል። አንዱ ለቆ ሌላው ከያዘ፣ ገመዱ የያዘውን ሰው መዳፍ ልጦት ይሄዳል፤ ስለዚህ ፉጨት በተሰማ ጊዜ ማንም አያስብም፣ ማንም ዞሮ አያይም፣ ማንም ጊዜው ደርሶ እንደሆነ አይጠይቅም። እጅ በራሱ ይከፈታል። እንግዲህ አቤቱታዬ ይህ ነው፦

አንደኛ፣ ስለ ፎርክሊፍቱ። ዕቃውን በእኛ ግቢ የሚያስጭነው ነጋዴ አቶ ካሊድ፣ ሰው ከጭነት ሥር ይውጣ ብሎ ፎርክሊፍት የሚባል ዕቃ ማንሻ መኪና አስመጥቶ ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ መሣሪያው የቅርሱን ገጽታ ያበላሻል በማለት በግቢያችን በሚያዘጋጀው የወደብ በዓል ሰሞን እንዳይሠራ ከለከለ፤ በዓሉም እየተደጋገመ ስለመጣ፣ ፎርክሊፍቱ ከባነሩ ጀርባ ቆሞ የድመት ማደሪያ ሆኗል። ድመቶቹ ስለ ጽሕፈት ቤትዎ መልካም ነገር ነው የሚያወሩት።

ሁለተኛ፣ ስለ ፉጨቱ። ባለሙያዎችዎ መጥተው ገነነን ጥብቆ አልብሰው፣ አፉ ሥር ማይክሮፎን ደቅነው ፉጨቱን ቀዱት። ገነነም ሞኙ ደስ ብሎት፣ ከልቡ፣ ጭነት ያለ ይመስል አፏጨላችሁ። ከዚያ ወዲህ ይህ ፉጨት «የወደቡ ድምፅ» ተብሎ በየበዓሉ በሞንታርቦ ይለቀቃል፤ ከንግግር በፊት፣ ከንግግር በኋላ፣ ንግግሩ ሲረዝምም እንግዶች እንዲነቁ በመሐል። ሲለቀቅም ሥራው እንዲቆም አይፈቀድም፤ እንግዶቹ የሚመጡት የሚሠራ ወደብ ለማየት ነውና።

ሦስተኛውን አንደኛ ላደርገው ይገባኝ ነበር፤ ግን እጄ አልታዘዝ ስላለኝ እዚህ ደርሷል። ባለፈው ጥቅምት በተከበረው በዓል ተቀባዩ ፋሩቅ ነበር። ከራሱ በላይ በሳጥን የታሸገ ሴራሚክ ተንጠልጥሎ፣ እሱ በሁለት እጁ እየገፋ ወደ መኪናው ጫፍ ሊያስጠጋው ሲል፣ መድረኩ ላይ የክብር እንግዳ ተጋበዙና ሞንታርቦው አፏጨ። ከግንቡ ጀርባ ያሉት ሰዎች ያደረጉት ሁልጊዜ የሚያደርጉትን ነው። ገነነ ግንቡ ላይ ሁለት እጁን አንስቶ ሲጮህ ብዙ ሰው አይቶታል፤ የበዓሉ ድራማ ክፍል መስሏቸው ያጨበጨቡም ነበሩ። በእነሱ አልፈርድም፤ ከፊት ወንበር ሲታይ ድራማ ይመስል ነበር።

የፋሩቅ ግራ እግር ከጉልበቱ በላይ ተቆርጧል። ሆስፒታል ድረስ መጥታችሁ ስለጠየቃችሁት፣ አልጋው ላይ ሳለም መስታወት የተገጠመለት የተሳትፎ ምስክር ወረቀት ስላበረከታችሁለት፣ በባለቤቱ በፊርደውስ ስም አመሰግናለሁ። ፎቶ አንሺያችሁ በሽተኛውን ትንሽ ፈገግ በል ማለቱንም ፊርደውስ አልረሳችውም። ምስክር ወረቀቱን ግድግዳ ላይ እንድትሰቅለው ብለምናትም እንቢ ብላለች፤ ሰው መቼም ክብር አያውቅም።

አራተኛ፣ ስለተሰጠን መልስ። ከዚያ አደጋ በኋላ ከጽሕፈት ቤትዎ ወይዘሪት ፀደንያ የምትባል አንደበቷ እጅግ የታረመ ልጅ መጥታ፣ ጉዳዩ በጥልቀት መገምገሙን ነግራናለች። በግምገማው መሠረት ችግሩ የተፈጠረው የድምፅ ጥራቱ ዝቅተኛ በመሆኑ ስለሆነ፣ ለቅዳሜው በዓል እስከ አፍንጮ በር የሚሰማ አዲስ ሞንታርቦ እንደሚመጣ አብስራናለች። ፉጨቱ ይቅር ብንላት፣ አንዴ በቅርስነት ስለተመዘገበ ሊቀር አይችልም አለች። እንግዲያው በዓሉ እስኪያልቅ ጭነቱ ይቁም ብንላት፣ ሥራው ከቆመ ቅርሱ ህያው መሆኑ ይቀራል አለች። አምቡላንስ በር ላይ ይቁምልን ብለንም ጠይቀን ነበር፤ ለእንግዶች ጥሩ ስሜት ስለማይሰጥ ከዓይን ራቅ ብሎ እንዲቆም ተወስኗል ተባልን። ልጅቱ ይህን ሁሉ ስትናገር ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። ስትሄድ ሱቄ በር ላይ ቆም ብላ፣ ባለቤቴ ስንት ልጆች እንዳሉት ጠየቀችኝ፤ ለምን እንደጠየቀች እኔም አልጠየቅኳትም።

ክቡርነትዎ ምልክቱን ለምን ራሳችሁ አትቀይሩም ሊሉ እንደሚችሉ ገብቶኛል። ቀይረናል። ከጥቅምት ወዲህ ገነነ አንድም ቀን አላፏጨም፤ እንኳን ለሥራ፣ መንገድ ላይ ታክሲ ለመጥራት እንኳ ከንፈሩን አያሞጠሙጥም። አሁን ምልክታችን የብረት ኳኳታ ነው፤ ገነነ በመዶሻ የሐዲድ ቁራጭ ይመታል። ሳቢዎቹም ፉጨት ቢሰማ እንዳይለቁ ተማምለዋል። ጭንቅላታቸው ይህን መሐላ ያውቀዋል፤ የእጃቸውን ነገር ግን ማንም ዋስ ሊሆነው አልቻለም። ዕድሜ ልኩን በፉጨት ሲከፈት የኖረ እጅ፣ በስብሰባ ተወስኖ ዝግ ይሆናል ብሎ ማመን ለጽሕፈት ቤትዎ ቀላል ይሆን ይሆናል።

አምስተኛ፣ ስለ ባለቤቴ። በፋሩቅ ቦታ ቅዳሜ ተቀባይ የሚሆነው እሱ ነው። ማንም አላስገደደውም፤ ይህን በማያሻማ ቃል እመሰክራለሁ። የተነገረው፣ በበዓሉ ላይ ያልተሳተፈ ሰው ከበዓሉ በኋላ በግቢው ውስጥ የመሥራት ፈቃዱ እንደማይታደስ ብቻ ነው። እሱም ከጎረምሶቹ አንዱ ከሚቆም እኔ ልቁም፣ እኔ ብዙ ኖሬያለሁ አለ። የመረጣችሁለትም ጭነት የዕለት ሲሚንቶና ዘይት ሳይሆን፣ ለዓይን ይማርካል ተብሎ ከአንድ መጋዘን የወጣ አሮጌ የጣሊያን ወፍጮ ነው። ክብደቱን ያወቀ የለም፤ የሚታወቀው ወደ ግቢው ያመጣው መኪና ጎማ መጨነቁ ነው። እኔ አትሂድ ብዬ ለምኜዋለሁ፣ ተቆጥቻለሁ፣ አልቅሻለሁም። ምን እንበላለን ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ተነሥቼ ለቅዳሜ የሚለብሰውን ጥብቆ ማጠብ ጀመርኩ። ለዚህ ራሴን አልወደውም።

ከሰኞ ጀምሮ በግቢው ውስጥ ጥሩ ያልሆነ ነገር አያለሁ። ገብረአምላክን ሰላም የሚሉት ሰዎች ሰላምታቸው ረዝሟል። ከእሱ ዕቃ የተዋሰ ሁሉ እያመጣ ይመልሳል፤ አንዱ መጋዝ፣ አንዱ ጃንጥላ፣ እኛም የረሳነውን የክረምት ካፖርት ሳይቀር። ለዓመታት ያኮረፈው ጎረቤታችን ፀሐዬ መጥቶ ታረቀው። ፊርደውስም ትናንት ከሰዓት መጣችና አጠገቤ ተቀምጣ፣ ሸራ ስሰፋ ሌላውን ጫፍ ይዛልኝ እስኪመሽ ቆየች። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ያያል። ሰው እንዴት ደግ ሆነ፣ በዓሉ ነው መሰለኝ ይላል። እኔን ለማሳቅ ነው የሚለው፤ እኔም እስቅለታለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ቅዳሜ ዕለት ወይ ፉጨቱ አይለቀቅ፣ ወይ ጭነቱ አይሰቀል። ሁለቱንም እንዲተዉልን አልጠየቅኩም፤ አንዱን ብቻ፣ እርስዎ የመረጡትን። ሞንታርቦው ይዝፈን፣ ይሸልል፣ የእርስዎን ንግግር ደጋግሞ ያሰማ፤ እኛም እናጨበጭባለን። ወፍጮው መሬት ላይ ተቀምጦ ይጎብኝ፤ ከዘመናት በኋላም እዚያው ይገኛል። ባለቤቴ ግን በቅርስነት ስላልተመዘገበ ከተበላሸ የሚያድሰው ባለሙያ የለም።

ለሰፈራችን ታሪክ ስላሳዩት የማይነጥፍ ፍቅር፣ ለፋሩቅ ስለሰጡት መስታወት፣ ለእኔም ከፊት ረድፍ «ለቤተሰብ የተጠበቀ» የሚል ወንበር እንዲዘጋጅልኝ ስላዘዙ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ወንበርዎ ይርጋ፣ ጥላዎ አይለይዎት፣ ከራስዎም በላይ ምንም ነገር አይንጠልጠልብዎት።

ዘወትር የሥራዎ አድናቂና ተመልካች፣
ጥሩነሽ፣ የገብረአምላክ ባለቤት፣ ገመድ ሻጭ፣
ከወደቡ በር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ጨርሼ ለጋዜጣው ልልክ ስል፣ ዛሬ ጠዋት ባለሙያዎችዎ አዲሶቹን ሞንታርቦዎች ሊሞክሩ መጡ። ሥራ ገና አልተጀመረም ነበር፤ ሳቢዎቹ እኔ በር ላይ ተቀምጠው ቁርስ ይበላሉ። ድምፁ በእውነት ጥራት አለው፤ ገነነ ራሱ ግንቡ ላይ ያለ ነበር የሚመስለው። ፉጨቱ እንደተለቀቀ ሁሉም የያዙትን ጣሉ፤ ዳቦ የያዘው ዳቦውን፣ ሻይ የያዘው ሻዩን። ከዚያ በኋላ ማንም ቀና ብሎ ማንንም ሊያይ አልደፈረም፤ ገብረአምላክ ብቻ የእያንዳንዳቸውን እጅ ተራ በተራ ተመለከተ። የብርጭቆውን ስብርባሪ እኔ ጠርጌዋለሁ። የቅዳሜውን የሚጠርግ ሰው ግን ከወዲሁ ቢመድቡልን።