የአዞው ካሴት ጀርባ

ጋምቤላ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ኛዳክ፣

ሺታዬ ነኝ። የመጋዘን ሠራተኛው የአቶ አሸብር ልጅ፣ አሊ ወፍጮ ቤት ጓዳ ውስጥ አብራሽ ስትጫወት የከረመችው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ዝም ብላ አሁን ከየት መጣች ብትዪ እውነትሽን ነው። ደብዳቤውን ያመጣልሽ ማይክል እኔ በምሠራበት ጤና ጣቢያ ነርስ ነው። አገሩ ማታር መሆኑን ሲነግረኝ ስምሽን ጠራሁለት። "ዓሣ የምትሸጠዋ ኛዳክ? የታንግ እህት?" አለኝ። በሕይወት መኖራችሁን ስሰማ ደስ ሊለኝ ሲገባ ቀድሞ የመጣብኝ ፍርሃት ነው። ለምን እንደሆነ አንብበሽ ስትጨርሺ ታውቂዋለሽ።

ያንን ኮምፒውተር ታስታውሺዋለሽ አይደል? የአቦቦው ግድብ ሥራ ሲቆም አንድ ሩሲያዊ መሐንዲስ አገሩ ሲገባ ለአባቴ ትቶለት የሄደው። ኮምፒውተር ይባል እንጂ ቁልፎች የተደረደሩበት ጠፍጣፋ ነገር ነበር። ከትንሿ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ጋር ይያያዛል፣ ጨዋታው ደግሞ በቴፕ ከምናጫውተው ካሴት ነው የሚገባው። የከተማው መብራት ያን ጊዜ ቀን ቀን ስለማይኖር አባቴ የወሎ አገሩን ልጅ አሊን ለምኖ ወፍጮ ቤቱ ጓዳ አስቀመጠልኝ፣ ከጄኔሬተሩ እንድጠቀም። አንቺ ከኒውላንድ ሰፈር የእናትሽን በቆሎ ተሸክመሽ መጣሽ፣ በበሩ ስንጥቅ አጮለቅሽና በዚያው ቀረሽ።

ካሴቱ ሲጀምር እንዴት ይጮህ ነበር፣ ኛዳክ! ሲጢጥ፣ ሲንተከተክ፣ ወረፋ የያዙት ሴቶች ያማትባሉ። አሊ ዱቄት በዱቄት ሆኖ ይገባና "ኧረ ይሄን ጋኔን ዝጉልኝ፣ ደንበኛ አባረራችሁብኝ!" ይላል። ጨዋታው ገብቶ እስኪያልቅ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። በመሀል አንዷ ጆንያዋን ወፍጮው ላይ ካፈሰሰች ጄኔሬተሩ ያቃስታል፣ መብራቱ ይወርዳል፣ ኮምፒውተሩ ሁሉንም ይረሳና እንደገና ከሀ እንጀምራለን። ስለዚህ አንቺ በር ላይ ቆመሽ "ቆዩ! እባካችሁ ቆዩ፣ ገና አልገባም!" ትያቸዋለሽ። "ምኑ ነው የሚገባው፣ ሙሽራ ነው?" ብለው ይስቁብናል፤ ግን ይቆዩልን ነበር። ዛሬ ሳስበው እነዚያ ሴቶች ምን ያህል ደግ ነበሩ።

ጨዋታው ውስጥ ያለውን ባለኮፍያ ሰውዬ አንቺ፣ በኑዌርኛ እሱና እሷ ስለማይለይ፣ ሁልጊዜ "እሷ" ነበር የምትዪው። "እሱ በይ እንጂ፣ ጢም አለው እኮ!" እያልኩ ባርምሽ ባርምሽ፣ ወንዝ ውስጥ በወደቀ ቁጥር "ሺታዬ፣ እሷ ሞተች!" ብለሽ ትጮሂያለሽ። በኋላ እኔም ተውኩት፣ እሷ ብያት ቀረሁ። ያቺ ሴትዮ ዘጠኝ ወንዝ መሻገር ነበረባት። እኔ መረማመጃዎቹ ግንድ መስለውኝ ሳምንት ሙሉ ገደልኳት። አንቺ ስቀሽ ስቀሽ ሲወጣልሽ "ግንድ አይደለም፣ አዞ ነው" አልሽኝ። "አዞ አፉን ከፍቶ ሲተኛ ፀሐይ ይሞቃል፣ የትም አይሄድም። አፉን ከዘጋ ይጠልቃል። ተከፍቶ እያለ ዝለዪ።" እንዳልሽው ሆነ! ሩሲያዊው የጻፈለትን የአጨዋወት ወረቀት አባቴ እንኳን ማንበብ አቅቶት ነበር፣ አንቺ ከባሮ ያወቅሽው በቂ ሆነ። በሁለት ወር ስምንተኛው ወንዝ ደረስን።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልምጣ።

ወንድምሽ ታንግ ድንበር ተሻግሮ ናስር ነበር። ማግባት ፈልጎ የእናቱን የምርቃት ቃል ጠየቀ። ያን ጊዜ የናንተ ሰፈር ሰው መልእክቱን በካሴት እየቀዳ ነበር የሚላላከው። እናትሽ ኛዱዎፕ ወፍጮ ቤት መጥተው ቴፓችንን ሲያዩ "በዚህ ልናገር" አሉ። ባዶ ካሴት ከገበያ ጠፍቶ ስለነበር የአዞውን ካሴት ጀርባ ሰጠናቸው፣ ምንም አልነበረበትም። ሁለቱን ቁልፍ አንድ ላይ መጫን አሳየናቸውና "ውጡ፣ ይሄ የእናትና የልጅ ነገር ነው" ብለው አስወጡን። አሊ ምን አደረገ? ያ ጋኔን እያለ የሚጮህብን ሰውዬ ወፍጮውን አቆመላቸው። ግማሽ ሰዓት ያህል ሁላችንም ደጅ ቆመን ጠበቅን።

ወደ ድንበር የሚሄደው ሾፌር ከቤታችን አጠገብ ነበርና የሚጭነው፣ ካሴቱን ለእኔ ሰጣችሁኝ። "አደራ ሺታዬ" አልሽኝ። እናትሽም ራሴን ዳበስ አደረጉኝ።

አልሰጠሁትም፣ ኛዳክ።

ካሴቱ ከሄደ አዞዎቹም እንደሚሄዱ ያወቅሁት ቤት ገብቼ ሳየው ነው። አንድ ወንዝ ብቻ ነው የቀረን። ከሩሲያዊው ዕቃ መሀል ሌላ ካሴት ነበር፣ ያ ጠዋት ማታ ቢሞከር የማይገባው፣ መጮህ ብቻ የሚያውቀው። እሱን እናትሽ ባመጡት ወረቀት ጠቅልዬ ለሾፌሩ ሰጠሁት። "የሳቸውን ቃል ቀድቼ በሚቀጥለው ሳምንት እልካለሁ" አልኩ ለራሴ። ያለን አንድ ቴፕ፤ ከካሴት ወደ ካሴት በምን ልቀዳ? ራሴን ነበር የማታልለው። በአሥራ ሦስት ዓመቴ አደራ በላ ሆንኩ።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሾፌሩ የታንግን መልስ ይዞ መጣ። "ጩኸትሽን ሰማሁ። ቃል ከነፈግሽኝ እኔም እናት የለኝም" ብሎ ነበር። ልጁ ምን ያድርግ? ኮምፒውተር የሚባል ነገር አላየ፣ ካሴት የሰው ድምፅ እንጂ ሌላ ነገር ይይዛል ብሎ በምን ይጠርጥር? እናቱ ንቀውት ጩኸት ሞልተው የላኩለት ነው የመሰለው።

ሮጠሽ መጣሽ። "ሺታዬ፣ የቱን ነው የሰጠሽው?" አልሽኝ። ዓይንሽን እያየሁ "የሰጠሽኝን ነዋ" አልኩሽ። ይህቺን አንዲት ቃል ስንት ሌሊት እንዳመነዠክኋት እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። እናትሽ ደግሞ አንቺ ስትጫወቺ ቁልፍ ነካክተሽ ያበላሸሽው መሰላቸው። አንቺም አመንሽ። ከዚያ ቀን ወዲያ ጓዳው ውስጥ አልገባሽም፣ በቆሎሽን አስፈጭተሽ አንገትሽን ደፍተሽ ትሄጃለሽ። እኔ ዘጠነኛውን ወንዝ ብቻዬን ተሻገርኩ። ማዶው ላይ ምን ነበር መሰለሽ? አንድ መስመር የሩሲያ ጽሑፍ። ከዚያ እንደገና አንደኛው ወንዝ።

ነገ እነግራታለሁ፣ ከነገ ወዲያ እነግራታለሁ ስል ቤተሰባችሁ ጠቅልሎ ማታር ገባ። እናትሽ ማረፋቸውንና ታንግ ለቀብር አለመምጣቱን የሰማሁት ነርሲንግ ስማር ነው። ያን ቀን መምጣት ነበረብኝ። ፈራሁ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ባለፈው ወር ልጄ አቢጋኤል፣ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ነው የምታጠናው፣ "እማዬ ነይ ጉድ እዪ" ብላ ጠራችኝ። የድሮ ጨዋታዎች ኢንተርኔት ላይ ተሰብስበው ተቀምጠዋል። አዞዎቹ አሉ! ባለኮፍያዋ አለች! ጣቶቼ ምንም አልረሱም፣ አራት ወንዝ በአንድ ትንፋሽ ተሻገርኩና እንባዬ መጣ። "ናፍቆት ነው፣ እማዬ?" አለችኝ። ናፍቆትማ ነው፤ አንቺን፣ ዱቄቱን፣ የሴቶቹን ሳቅ። ግን ሌላም ነገር ገባኝ። እኔ የሰረቅሁትን ጨዋታ ዛሬ የፈለገ ሁሉ በነጻ ያገኘዋል። የእናትሽ ድምፅ ግን በዓለም ላይ ያለው አንድ ቦታ ነው፣ እኔ አልጋ ሥር፣ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉ የለ፤ እኔ ደግሞ የሰው ብብት ነው ያራገፍኩት።

ለአቢጋኤል ሁሉንም ነገርኳት። ተቆጣችኝ፣ ደግ አደረገች። ከዚያ ቴፕ ተውሳ መጣች፣ የሻገተውን በጥጥና በአልኮል ጠራረግን፣ አጫወትነው። መጀመሪያ ሹክሹክታ ነገር፣ ቀጥሎ የሰው ትንፋሽ። ከዚያ "ማሌ፣ ታንግ።" ማሌ ሰላም ማለት መሆኑን ጋምቤላ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ድምፃቸው ጥርት ያለ ነው። ልጇን ልትረግም የተነሳች እናት በሰላም አትጀምርም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ብሰማውም አልገባኝም፤ የኔ ኑዌርኛ "የት ነው የሚያምሽ" ከማለት አያልፍም። ማይክል ይተረጉምልኝ ነበር፣ ግን ከለከልኩት። መጀመሪያ መስማት ያለበት ታንግ ነው። ድምፁ ሞባይል ውስጥ በሚገባ ካርድ ላይ አለ፣ ካሴቱም አብሮ አለ፣ የናንተ ነው። ይህን ደብዳቤ ለታንግ አንብቢለት። አማርኛ ማንበብ ከተውሽ ማይክል ገበያ መሀል ያንብበው፣ አላፍርም። አንቺ ምንም ቁልፍ አልነካሽም። ታንግንም "እናትህ ቃል አልነፈጉህም" በይው።

ታኅሣሥ ሲገባ ፈቃድ አለኝ፣ ማታር እመጣለሁ። ብትሰድቢኝ እሰማለሁ፣ በር ብትዘጊብኝ ደጅ እቀመጣለሁ። ብቻ አንድ ነገር አጣሪልኝ። እናትሽ መጨረሻው አካባቢ ስሜን ይጠራሉ፤ ሁለት ጊዜ ሺታዬ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ በሁለተኛው ላይ ይስቃሉ። እንደምገምተው ለልጃቸው "ይህን ቃል የምታደርስልህ ሺታዬ ናት" እያሉት ነው። እንደዚያ ካሉ ለታንግ ንገሪልኝ፤ በጣም ዘገየሁ እንጂ፣ አድርሻለሁ።

እህትሽ ለመባል ገና የምትለምን፣
ሺታዬ አሸብር