የአኩሪ አተሩ ገንፎ ነገር

ገመቹ፣
ጭነት ይዤ ወደ በርበራ ሄጃለሁ። የአኩሪ አተር ገንፎ ሠርቻለሁ፤ የወጥ ቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ ገና ስላልተመታ አቧራ እንዳይገባበት ድስቱን ክደነው።

ሻይ ቤት ቁጭ ብለህ፣ “አኩሪ አተር የበላ ወንድ ጡት ያወጣል፤ ታጁን እዩት” ስላልክ ሹፌሮቹ “እሜቴ” ይሉኛል። ላገባት የማስባት ፋይዛም ሰማች።

ነርስ ሀሲናን ጠየቅኳት።
“የሴት ሆርሞን የሚመስል ነገር አለው፤ ግን ደካማ ነው። በምግብ ልክ ጡት አያወጣም” አለች። ደረቴን አየት አድርጋ፣ “ይሄ የሻይ ስኳርና ቁጭ ብሎ መዋል ነው” አለችኝ።

ለፋይዛ ስነግራት ስቃ ስቃ ሲወጣላት፣ “እስቲ እኔም ልቅመሰው” አለች።

ስለዚህ ግማሹን አድርስላት።
ትናንት ስለሰደብኩህ አፉ በለኝ።
ስትሰጣት ግን ስለ እኔ ምንም አታውራ።

ታጁ