ጥቁሯ መኪና ፈላች

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከረምክ? እኛ ጋ የታመመችው የጠበቃው ጥቁር መኪና ብቻ ናት። ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል፤ ኩራቷ ግን ያው ነው፣ ዳገት ስታይ ትፈላለች። ሌላ ጋራዥ አዲስ ራዲያተር ካልገዛህ ሞተሩ አለቀለት ብለውት ነበር። እኔ አሮጌውን በየድኩትና የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት ብቻ ቀየርኩ። በትንሽ ወጪ ዳነች።

አባባ ሊያግዘኝ መጥቶ የራዲያተሩን ክዳን እንደጋለ ከፈተው። ልጆች ሳለን ትኩስ ክዳን ስንነካ ጆሯችንን ይቆነጥጥ የነበረው አባባ! ቸኩሎ ነው መሰለኝ። እጁ ተሽሎታል፣ አታስብ።

ቅባት ስቀባው ስላንተ ጠየቀኝ። ሲመችህ ደውልለት፣ ድምፅህን ይስማ። ሚስትህንና ልጆችህን ሳምልኝ።

አባባም ሰላም ብሎሃል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በጋራዡ በኩል እለፍ፣ የቤት ሥራህን አብረን እንሠራለን ብሎሃል።

እህትህ