አረንጓዴ እጀታ ያለው ሰንጢ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ ጠዋት ለሰንጢ እጀታ የሚሆን አጥንት እየሞረድኩ ሳለ አንድ መርማሪ ፖሊስ መርካቶ ወዳለው ሱቃችን መጣ። በስልኩ የሰንጢ ፎቶ አሳየኝ። ትናንት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ተሸካሚ የተወጋበት ነው። ሰውየው ሞቷል።

"የእርስዎ ሥራ ነው?" አለኝ።

እጀታው አረንጓዴ ነው። አጥንቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ ያወጣው የሥራ ባልደረባዬ ሰይድ ነው፤ ስለቱን ስዬ ማጠፊያውን የገጠምኩት እኔ ነኝ። ለማን እንደሠራሁትም አውቃለሁ፤ ለጎረቤቴ ለእትዬ ዘነበች ልጅ ለዳዊት ነው። ብርቱካን መላጫ ይሆነኛል ብሎኝ ነበር።

"አላውቀውም" አልኩት።

መርማሪው እንደወጣ ሰይድ ሥራውን አቆመ። "ጋሼ፣ የሞተውም እኮ እናት አለችው" አለኝ። እስከ ምሳ ሰዓት አንድ እጀታ እንኳ ሞርጄ አልጨረስኩም።

ከሰዓት በኋላ ጣቢያ ሄጄ የዳዊትን ስም ተናገርኩ። ቃሌን ጽፈው አስፈረሙኝ።

ወደ ቤት ስመለስ እትዬ ዘነበችን በራቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

"ዳዊት ከትናንት ጀምሮ ቤት አልገባም። መርካቶ ውስጥ አላየኸውም?" አሉኝ።

እንዳላየሁት ነገርኳቸው። ይሄኛው እንኳ እውነት ነው።