የአባትህ ወገብና የይግባኙ ወጪ

ልጄ፣ ሆዴ፣ ያለህበት ይቅናህ፤ የምታገኘው ሰው ሁሉ ደግ ይሁንልህ። እኛ ደህና ነን፤ እህትህም ትስምሃለች።

ስለ ይግባኙ ወጪ አታስብ። ጠበቃው የሚከፈለው ከተፈረደልን ብቻ ነው። የአዲሱ የሐኪም ማስረጃ ወጪ ግን በእኛ ነበር፤ እሱንም የአባትህ የሥራ ጓደኞች፣ አናጢዎቹ፣ አዋጥተው ከፈሉልን። በሞቴ፣ የሌሊት ሥራ እንዳትጨምር።

የጉዳት ጡረታውን ለምን እንደከለከሉት ታውቃለህ? ያን ጊዜ ለጡረታው ሲመረመር ሐኪሟ ቆማ ስትጽፍ አየና፣ እሱ ተቀምጦ እሷ መቆሟ ነውር ሆኖበት፣ በዚያ በተጎዳ ወገቡ ወንበር ተሸክሞ አቀረበላት። እሷም «ዕቃ ማንሳት ይችላል» ብላ ጻፈች። እሱ ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ከአልጋ አልወረደም።

ትናንት ይግባኙ ሲሰማ ደግሞ የዳኛዋ ወንበር ከጠረጴዛቸው ራቅ ብሎ ነበር። አባትህ ሊያቀርብላቸው ብድግ ሊል ሲል የኮቱን ጫፍ ጨምድጄ ያዝኩት።

«ምነው እናቴ፣ ለምን ያዟቸው?» አሉኝ ዳኛዋ።

የወንበሩን ነገር አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ፈገግ ብለው ጻፉት። ውሳኔው ገና ነው፤ ጠበቃው ግን ሲወጣ ፊቱ በርቶ ነበር።

አምላክ ከክፉ ይሰውርህ፣ በሰላም ያገናኘን። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። በደወልኩ ቁጥር «ደህና ነኝ» ትለኛለህ። አንተም የእሱ ልጅ ነህና ሲያምህ ንገረኝ፤ ከዚህ ሆኜ ኮትህን መያዝ አልችልም።

እናትህ